የተቃጠለው ጋቢና

ኢንስፔክተር ዕፀገነት ስትደርስ እሳቱ ጠፍቶ ጭሱ ብቻ ቀርቷል።

ግቢው ከከሚሴ መውጫ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። በቆርቆሮው አጥር መሃል ትናንት ከጅቡቲ በሎቤድ ተጭኖ የገባው ቢጫ ኤክስካቫተር ቆሟል። ክንዱን አጥፎ ባልዲውን መሬት ላይ አሳርፏል። በሰንሰለቱ መሃል የገባው የሰው አገር አሸዋ ገና አልረገፈም። የኦፕሬተሩ ጋቢና ግን ከስሏል። መስታወቱ ረግፎ፣ ከወንበሩ የቀረው ሽቦው ብቻ ነው።

ከአጥሩ ውጭ የጨፋ ገበሬዎች ቆመው ያያሉ። የቦርከና ወንዝ በየክረምቱ እየሞላ ማሽላቸውን ይወስድባቸዋል። የከሚሴው ነጋዴ ጀሚል ያገለገለ ማሽን ከሻርጃ አምጥቼ ቦዩን አስጠርጋለሁ ካላቸው ወዲህ ወሬያቸው ይኸው ማሽን ነበር። ትናንት ሎቤዱ ሲገባ በእልልታ ነው የተቀበሉት።

"ሾርት ይሆናል" አለ አንድ ሽማግሌ። "አሮጌ ዕቃ ነው። ሽቦው ያረጀ ነው።"

ዕፀገነት እጅጌዋን ሰበሰበች። ማሽኑን ዞራ ከኋላ ከፈተችው። የባትሪው ገመድ ተነቅሎ በላስቲክ ታስሯል፤ ትናንት ከሎቤዱ ወርዶ ሲቆም ነቅለውት እንደነበር ግልጽ ነው። ኮረንቲ የሌለው ሽቦ እሳት አይጭርም።

ቀጥሎ ያየችው ይበልጥ አስገረማት። የናፍጣው ታንከር በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል። ወደ ክንዱ የሚሄዱት የዘይት ቱቦዎችም ላይ ጭቃ ተመርጓል፤ ከሙቀቱ ደርቆ ሸክላ መስሏል። ሞተሩ ጭረት አልነካውም።

ያቃጠለው ሰው ጋቢናውን ፈልጓል፤ ለማሽኑ ግን ሳስቷል።

"ኢንስፔክተር፣ ባለቤቱ መጣ" አለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ።

ጀሚል ወደ ግቢው ገባ። አርባ ያልሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ ሰው ሲያናግር ዓይኑን ዝቅ የሚያደርግ ነጋዴ ነው። ጋቢናውን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየና ፊቱን አዞረ።

"ኮምቦልቻ ነበር ያደርሁት" አለ። "ስልክ ሲደወልልኝ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ዘበኛው እንዴት ነው? ተጎዳ አሉኝ።"

"እጃቸው ተቃጥሏል። ሆስፒታል ናቸው።"

ጀሚል ከንፈሩን ነከሰ። ስለ ማሽኑ ምንም አልጠየቀም።

ሳጅን ኸይረዲን የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ለሥራ ኮምቦልቻ ልካው ነበር። "ይቅርታ ኢንስፔክተር፣ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው" አለ እያለከለከ። እሷም ጥያቄ ሳታበዛ ጆንያዎቹን በማስረጃነት እንዲይዝ አዘዘችው።

*

ዘበኛው አባ ዓብዱ ሆስፒታል አልጋ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም እጆቻቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው ሆዳቸው ላይ አርፈዋል።

"አከም ቡልተን፣ አባ?" ብላ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው ዕፀገነት። አባቷ በደርግ ዘመን ከሚሴ ተመድቦ የመጣና እዚሁ የቀረ መምህር ነው። ኦሮምኛውን እሷ የተማረችው ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ነው።

"ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። እጄን እንጂ ዓይኔን አልነሳኝም።"

"እንዴት ሆነ?"

"ለሱብሂ ሶላት ገና ሳይነጋ መስጊድ ሄድሁ። በየቀኑ እሄዳለሁ፣ ይህን የማያውቅ የለም። ስመለስ ጋቢናው ይነዳል። አፈር ልበትን ብዬ በሩን ስይዘው ብረቱ እሳት ሆኖ ጠበቀኝ።"

"ሰው አላዩም?"

"አላየሁም። የአጥሩ በር ግን እንደቆለፍሁት ነበር። የዘለለ ካልሆነ ቁልፍ ያለው ነው።"

"ትናንትስ? ማን ማን መጣ?"

ሽማግሌው አሰቡ። "አገሩ ሁሉ መጥቷል። ኦፕሬተሩ እንየው ግን ከጀሚል ጋር ተጨቃጨቀ። 'ይህን ማሽን አልነዳም፣ ሌላ ሰው እንዳይነዳውም' ብሎ ጥሎ ሄደ። ደግሞ..." ብለው ወደ በሩ አዩ።

"ደግሞ ምን?"

"ሶፍያ መጥታ ነበር፣ ምግብ ቤት ያላት። ለወዛደሮቹ ምሳ ያመጣችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ወደ መግሪብ ገደማ፣ ፀሐይ ስትገባ ተመልሳ መጣች። ማሽኑን ቆማ ታየዋለች። 'ምን ጠፋብሽ?' ብላት 'ምንም' አለችኝ። ለሶላት ዉዱእ አድርጌ ስመለስ የለችም።" ከዚያ ቀስ ብለው ጨመሩ። "ደግ ልጅ ናት። እሷን አታስጨንቂብኝ።"

*

እንየው የተያዘው እኩለ ቀን ላይ ከሚኒባስ ሲወርድ ነው። ሱሪው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ኪሱ ውስጥ የኤክስካቫተር ቁልፍ ተገኘ። ኸይረዲን ቁልፉን ወስዶ በተቃጠለው ጋቢና በር ላይ ሞከረው፤ ከፈተ።

"የዚህ ፋብሪካ ማሽን ቁልፉ አንድ ነው" አለ እንየው ጣቢያ ሲጠየቅ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ሻካራ ነው። "የአንዱ ሁሉንም ይከፍታል። አገሪቱ ውስጥ ያለ ኦፕሬተር ሁሉ ይህ ቁልፍ አለው።"

"ከጀሚል ጋር በምን ተጣላችሁ?"

"በማሽኑ። የክንዱ ሥር ተበይዷል። የጋቢናው ጣሪያም ከሌላ ማሽን የተገጠመ ነው። ይህ ማሽን ተገልብጦ ያውቃል፣ ኢንስፔክተር። 'ጀሚል፣ ሻርጃ ሙሉ ማሽን ተደርድሮ ሳለ ይህን ምን ብለህ አመጣህብን? ቦርከና ዳር መሬቱ ይከዳል፣ ሰው ይገድላል' አልሁት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ምንም። ዓይኑ እንባ ሞላ። ይኼ ነው ያናደደኝ። እኔ ስለ ብየዳ ሳወራ ሰውየው ያለቅሳል። ትቼው ሄድሁ።"

"የት ሄድህ?"

"ባዶውን ሎቤድ ተሳፍሬ ባቲ ሄድሁ። እዚያ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ኦፕሬተር ይፈልጋሉ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ከሾፌሩ ጋር አደርን። ማለዳ እሱ ወደ ሚሌ፣ እኔ ወደዚህ።"

የሎቤዱ ሾፌር ስልክ ዝግ ነበር። ከሚሌ ወዲያ በረሃውን ከያዘ እስኪመለስ አይገኝም። ዕፀገነት ማረፊያ ቤት እንዲያቆዩት አዘዘች። እንየው አልተከራከረም። "ቤት ንገሩልኝ" አለ ብቻ። "ሚስቴ ልትወልድ ቀኗ ነው። ትጠብቀኛለች።"

*

ከሰዓት ጀሚልን ቢሮዋ አስጠራችው።

"እንየው ማሽኑ ተገልብጦ ያውቃል ይላል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ያንን እያወቅህ ገዛኸው?"

"ተጠግኗል። ይሠራል።"

"ሌላ አልነበረም?"

"ነበረ።" ጀሚል ጣቶቹን አቆላለፈ። "ብዙ ነበረ። አንዳንድ ዕቃ... ሰው ዝም ብሎ ይመርጣል።"

"የሚጠላህ ሰው አለ?"

"የለም። እንየውም አላደረገውም፤ ፍቺው። እኔ ክስ የለኝም።"

"የሰው እጅ ተቃጥሏል፣ ጀሚል። ክስ የለኝም ብትል የአባ ዓብዱ ቁስል አይድንም።"

ጀሚል አንገቱን ደፋ። ልትሸኘው ስትነሳ በሩ ላይ ቆም አለ። የሚናገር መሰላት። እሱ ግን በሩን ስቦ ወጣ።

ዕፀገነት በመስኮት አየችው። ነጋዴ ንብረቱ ሲቃጠል ይጮኻል፣ ሰው ይከሳል፣ ፖሊስ ደጅ ይጠናል። ይህ ግን ሰው የሞተበት ነው የሚመስለው።

*

የሶፍያ ምግብ ቤት ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። ዕፀገነት ገብታ ጥግ ያዘች። ሶፍያ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ረጅም፣ ሻርፗን አገጯ ሥር አጥብቃ የምታስር ሴት ናት። ባሏ ሙህዲን አረብ አገር ከሄደ ስምንት ዓመት እንዳለፈው ከተማው ሁሉ ያውቃል። ልጅ የላቸውም። የምትኖረው ከባሏ እናት ከእማ ፋጡሜ ጋር ነው። ደጅ ያንኳኳ ወንድ አልጠፋም፤ እሷ ግን "ባል አለኝ" ብላ ሁሉንም መልሳለች።

"ትናንት ወደ መግሪብ ግቢው ምን አስኬደሽ?"

"ሰሐን ረስቼ ነው።"

"አገኘሽው?"

"አላገኘሁትም።"

ከኮምቦልቻ የመጣ አውቶቡስ ቆመ። ሶፍያ መልሷን ሳትጨርስ ወደ በሩ ሄደች። የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አየች። የመጨረሻው ሲወርድ ተመለሰች። ዕፀገነት ያን ጊዜ እጇን አየችው። መዳፏና ጣቶቿ ትኩስ ሂና ተቀብተዋል፤ ቀለሙ ገና ደማቅ ነው። ባሏ ስምንት ዓመት የራቀባት ሴት ለማን ትሞሸራለች?

"ሠርግ አለሽ እንዴ?" አለቻት።

ሶፍያ እጆቿን ሻርፗ ሥር ደበቀች። "የለኝም" አለች። "እንዲሁ ነው።"

*

ማግስቱን ጠዋት ዕፀገነት እንየውን እንደገና አስወጣችው።

"ባቲ ማደርህን የሚያውቅልኝ ሰው ንገረኝ።"

"ሾፌሩ ነው። ሌላ ማን አለ?" እንየው ፊቱን በእጁ አሸ። "ማለዳ መጥተህ አቃጥለሃል ልትሉ ትችላላችሁ። እኔ መንገድ ላይ ነበርሁ። ከሱብሂ በፊት፣ ከኮምቦልቻ ወደዚህ ስትመጡ ሐርቡ አጠገብ ብስኩት የጫነ ተሳቢ ተገልብጦ፣ መኪና አያልፍም፣ ሞተር ሳይክል እንኳ አያልፍም። የተሳቢው ሾፌር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። እስከ ረፋድ ቆምን።"

ዕፀገነት ወደ ኸይረዲን ዞረች። ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀ።

"እውነቱን ነው። እኔንም ያቆየኝ እሱ ነው። ክሬን ከኮምቦልቻ መጥቶ ነው ያነሳው። ብስኩቱንም፣ ሾፌሩንም አይቻለሁ።"

"ከዚያ በፊት ከኮምቦልቻ ወደዚህ ያለፈ መኪና የለም?"

"ዝንብም አላለፈ፣ ኢንስፔክተር።"

ዕፀገነት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ታዲያ ጀሚል በየት መጣ?" አለች።

ሁለቱም ሰዎች አዩዋት።

"'በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርሁ' ነው ያለኝ። እኔ ግቢው ስደርስ ወዲያው መጣ። አንተ ገና ሐርቡ ነበርህ።"

እንየው ግራ ተጋባ። "ጀሚል የራሱን ማሽን? ለምን ብሎ?"

ያንን ዕፀገነትም አላወቀችውም። ጆንያው ግን አሁን ገባት፤ ታንከሩን በእርጥብ ጆንያ፣ ቱቦዎቹን በጭቃ ሸፍኖ እሳት የሚለኩስ ባለቤት ብቻ ነው። ሌላው ጥያቄ ጋቢናው ውስጥ ምን ነበር የሚለው ነው።

"እንየው፣ ማሽኑ የመጣ ዕለት ጋቢናው ውስጥ ማን ገባ?"

"እኔ ነኝ። ከሎቤድ ያወረድሁት እኔ ነኝ።"

"ምን አየህ ውስጡ?"

"አቧራ። ወንበሩ ላይ ትራስ ነበረች፣ የእጅ ስፌት። አቧራዋን ላራግፍ አወጣኋትና ደረጃው ላይ ሰቀልኋት። ጀሚል ያን ጊዜ ነው ያያት። እሷን አይቶ ነው መሰለኝ ፊቱ የተለዋወጠ፤ እኔ ብየዳው መስሎኝ።"

"ትራሷን መልሰህ አስገባሃት?"

"ረሳኋት። ተጣላንና ሄድሁ።"

*

የእማ ፋጡሜ ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ግቢው ተጠርጓል፤ ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል። አሮጊቷ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሶፍያ ጓዳ ነበረች። ዕፀገነት ሰላምታ ሰጥታ ገባችና ሶፍያን ለብቻዋ ያዘቻት።

"ሶፍያ፣ ልከስሽ አልመጣሁም። ትራሷ አንቺ ዘንድ ናት?"

ሶፍያ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ አልጋው ራስጌ ካለው ሳጥን ውስጥ አወጣቻት። ሰማያዊ ነበረች፤ ፀሐይ አመድማ አድርጓታል። ጠርዟ በቀይ ክር ተዘምዝሟል፤ አንዱ ጎኗ ግን በአረንጓዴ።

"ቀዩ ክር አለቀብኝ" አለች ሶፍያ ጣቷን በስፌቱ ላይ እያስኬደች። "ከሚሴ ዞሬ ዞሬ አጣሁ። ጀሚል በማግስቱ ይበር ስለነበር በአረንጓዴ ጨረስሁት። ጎኔን ያመኛል፣ የማሽኑ ወንበር ድንጋይ ነው ብሎኝ ነበር ሙህዲን። በጀሚል እጅ ላክሁለት።"

"ደረጃው ላይ ስታያት ምን መሰለሽ?"

"መጣ ነዋ።" ሶፍያ ፈገግ ልትል ሞከረች። "ሙህዲን ሁልጊዜ፣ አንድ ቀን የራሴን ማሽን ይዤ መጥቼ የአባቴን መሬት ከቦርከና አድናለሁ ይል ነበር። ማሽኑ የሱ ነው ማለት ነው፣ አስቀድሞ ላከው፣ ራሱም መንገድ ላይ ነው አልሁ። ቢነግሩኝ ኖሮ ደስታዬን ስለማልችል ነው የደበቁኝ አልሁ። ቤቱን ኖራ ቀባሁ። ለእማም አልነገርኋትም፤ በዓይኗ እንድታየው።"

"በስልክ አትገናኙም?"

"በፊት በየጁምዓው ይደውል ነበር። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው ካቆመ። ወረቀቱ ተበላሽቶ በድብቅ ነው የሚሠራው፣ ስልክ ይፈራል ይለናል ጀሚል። እሱ ሲመላለስ ሰላምታውን ያመጣልናል። ለእማ ጋቢ፣ ለኔ ሽቶ..." የዕፀገነትን ፊት አየች። "ለምንድን ነው እንዲህ የምታዪኝ?"

ዕፀገነት የምትጠረጥረውን ለመናገር መብት እንደሌላት ተሰማት። "ትራሷን ለአንድ ቀን አውሺኝ" አለች።

*

ጀሚል ቢሮዋ ሲገባ ትራሷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ወንበሩን ሳይስብ ቆሞ ቀረ።

"ኮምቦልቻ አላደርህም" አለች ዕፀገነት። "ሐርቡ ላይ መንገድ ተዘግቶ ነበር።"

"እሷ ናት የወሰደቻት?" አለ ትራሷን እያየ። "እሷ እንደሆነች አውቄያለሁ።" ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

"ሙህዲን ሞቷል። ሦስት ዓመት ሆነው። ከሻርጃ ወዲያ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ዳገቱ ከዳውና ማሽኑ ተገለበጠበት፣ ይኸው ማሽን። እኔ ስደርስ ቀብረውታል። መቃብሩ ላይ ስም እንኳ የለም። ወደዚያ አገር የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ከልጅነት ጀምረን ጨፋ ላይ ከብት አብረን ጠብቀናል።"

"ለምን አልተናገርህም?"

"ልናገር ነው የመጣሁት። ሼኽም ይዤ ልሄድ ነበር። እማ ፋጡሜ መምጣቴን ሰምታ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ከወባ ገና መነሳቷ ነው፤ እግሯ ይንቀጠቀጣል። 'ኢልማ ኮ፣ ልጄ እንዴት ነው?' አለችኝ። 'ሰላም ብሏል' አልኋት። ይኸው ነው። አንዲት ቃል ከአፌ ወጣች። ፊቷ በራ። በነጋታው እናገራለሁ አልሁ። ከዚያ በሚቀጥለው ጉዞ አልሁ። ከዚያ ሽቶና ጋቢ መግዛት ጀመርሁ።"

"ማሽኑንስ?"

"ሻርጃ አሮጌ ማሽን የሚሸጥበት ሜዳ ላይ ተደርድሮ አየሁት። በክንዱ ብየዳ አወቅሁት። ትቼው ሄድሁ፤ እንደገና ተመለስሁ። አስከሬኑን ማምጣት አልቻልሁም፤ እጁ የነካውን ላምጣ አልሁ። ቦርከናን ይጥረግበት፣ ያለው ይፈጸምለት አልሁ። ማንም አያውቀውም ብዬ ነው። ጋቢናውን ከፍቼ አላየሁም። እሱ የሞተበትን ወንበር ማየት አልፈለግሁም።"

"ትራሷን ስታይስ?"

"ነፍሴ ወጣች። ለሱ ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ እኮ። ሰው ስለነበረ መንካት አልቻልሁም። ሽማግሌው ሶላት ሲሄድ በትርፍ ቁልፌ ገባሁ፣ ልወስዳት። የለችም። ውስጥ ትሆናለች ብዬ ጋቢናውን ከፈትሁት።" ጀሚል ትራሷን በጣቱ ነካት። "ከወንበሩ ጎን፣ ከመንጃው ዘንግ ሥር፣ የበሩ ልባስ ላይ፣ ሁሉም ቦታ ጽፎበታል። በሚስማር። ሶፍያ፣ ሶፍያ፣ ሶፍያ። ሌላ ቃል የለም። ፕላስቲኩን ልፍቀው ሞከርሁ፣ አይለቅም። ትራሷን የወሰደችው ሴት ሲነጋ ተመልሳ ትመጣለች፤ ይህንን ታያለች። 'የሱ ማሽን ከሆነ እሱ የት አለ?' ትለኛለች። አእምሮዬን ሳትሁ። የሽማግሌውን እጅ ግን አላሰብሁም። ወላሂ አላሰብሁም።"

"እንየው ማረፊያ ቤት ሲያድር እያወቅህ ዝም አልህ።"

"ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልሁ ነው። ለምጄዋለሁ።" ቀና አለ። "እሰሩኝ። ለእማ ፋጡሜ ብቻ አትንገሩብኝ። ትሞታለች።"

ዕፀገነት ተነሳች። "የምነግራቸው እኔ አይደለሁም" አለች። "አንተ ነህ። ዛሬ።"

እንየው የተፈታው በዚያው ሰዓት ነው። ኮፍያውን ተቀብሎ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ሚስቱ ሮጠ።

*

ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት ቀጥለው የመስጊዱን ሼኽ ይዘው ሄዱ። ኸይረዲን ጀሚልን በካቴና ሳያስር በጎኑ ሆኖ ወሰደው።

እማ ፋጡሜ ሼኹን ሲያዩ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። ጀሚል እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ሦስት ዓመት ያቆየውን በሦስት ቃል ተናገረው። ሶፍያ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ ሼኹ።

አሮጊቷ ቃሉን ተከትለው ደገሙት። ከዚያ የጀሚልን ጭንቅላት በእጃቸው ነኩ።

"አንተ ሰላምታ ስታመጣ 'ለእናቴ ሰላም በልልኝ አለ' ትለኝ ነበር" አሉት በዝግታ። "ሙህዲን እናቴ ብሎኝ አያውቅም። አፉን ከፈታ ጀምሮ በኦሮምኛው አዮ ነው የሚለኝ። አንዴ ብትሳሳት ግድ የለም። ሁልጊዜ እናቴ፣ እናቴ። ያን ጊዜ ጠረጠርሁ።"

ሶፍያ ከግድግዳው ተላቀቀች። "ጠርጥረሻል? እማ፣ ጠርጥረሽ ዝም አልሽኝ?"

እማ ፋጡሜ ወደ እሷ ቀና አላሉም። "ሞቷል ካልሁ ትሄጃለሽ፤ ወጣት ነሽ፣ ታገቢያለሽ። ልጄም አንቺም ከምትቀሩብኝ ብዬ ነው። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብቻዬን መቅረቱን ፈራሁ።"

ጀሚል አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ሶፍያ ቀረብ ብላ ቆመችበት።

"እሷን ለማኖር ነው የዋሸኸው" አለችው። "እኔንስ? እኔን ሦስት ዓመት በቁሜ ስትቀብረኝ አንድ ቀን ታይቼህ አላውቅም?"

ጀሚል፣ ሙህዲን ጋቢናው ውስጥ ሁሉ ስሟን ጽፎ እንደነበር፣ ያንን እንዳታይ ብሎ እንዳቃጠለው ነገራት።

"ስሜን በምን ጻፈው?"

"በሚስማር።"

"ጽሑፉ ያምራል? እሱ እጁ አያምርም ነበር።"

"አያምርም" አለ ጀሚል። "ጠማማ ነው። 'ፍ'ዋ ወድቃለች።"

ሶፍያ ፊቷን በሂና እጆቿ ሸፈነች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

*

በአካል ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሶላት ጁምዓ ዕለት ተሰገደ። መስጊዱ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆመ። አባ ዓብዱ በታሰሩ እጆቻቸው መጡ። የእንየው ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ እሱም መጥቶ ከበሩ ላይ የክርስቲያን ወጉን ይዞ ቆመ።

ዕፀገነት ለቅሶ የደረሰችው ሰዉ ከሳሳ በኋላ ነው። ሶፍያን ከግቢው ጀርባ፣ ጥላው ሥር አገኘቻት። ውስጥ እማ ፋጡሜ ተኝተዋል፤ በመስኮቱ ትንፋሻቸው ይሰማል። ሶፍያ ለእሳቸው አጥሚት አሙቃ አጠጥታ መውጣቷ ነበር።

"ትሄጃለሽ?" አለቻት ዕፀገነት።

"የት ልሂድ? የሚያጠጣትስ ማን ነው?" ሶፍያ መሬቱን በጣቷ ጫረች። "ተቆጥቻታለሁ። ሌሊት ስታቃስት ግን እነሳለሁ። ሁለቱም አብሮ ይኖራል ለካ።"

ከመስጊዱ የሚወጡ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

"ሼኹን ስለ ዒዳ ጠየቅኋቸው" አለች ሶፍያ። "ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን። ነጭ ልለብስ፣ ከቤት ልቀር፣ አራት ወር ከአስር ቀኔን ልቆጥር ተዘጋጅቼ ነበር። የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው አሉኝ። ድሮ አልፏል፣ አሁን ነፃ ነሽ አሉኝ።" ወደ ዕፀገነት ዞረች። "ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ሽቶ ስቀባ አልፏል እኮ። ባሌን ሳላዝንለት ሐዘኔ አለቀ።"

ዕፀገነት አንድ እርምጃ ቀረበቻት።

"ስምንት ዓመት ሰው ስጠብቅ ነው የኖርሁት፣ ኢንስፔክተር" አለች ሶፍያ። "ጠዋት የምነሳው ለሱ ነው። ከእንግዲህ ምን ልጠብቅ?"

ዕፀገነት የፖሊስ ኮፍያዋን አወለቀችና ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠች።